የቀድሞ ማደያ ቦታ የከርሰ ምድር ውሃ ክትትል፦ የአንድ አማካሪ ድርጅት አገልግሎት ሲመዘን

በመሐል አዲስ አበባ ማደያ የነበረበትን ቦታ ተረክቦ ሕንፃ ሊያቆምበት የሚያስብ ባለይዞታ፣ የነዳጅ ታንከሮቹ ተቆፍረው ከወጡ በኋላም ቢሆን ከሥራቸው የቀረው ነገር የት እንዳለና ወዴት እየሄደ እንደሆነ የሚነግረው ባለሙያ ያስፈልገዋል። እኔ የምሠራበት አክሲዮን ማኅበር በሜክሲኮ አደባባይና በለገሀር መካከል እንዲህ ያለ ቦታ ስላለው፣ የከርሰ ምድር ውሃ ክትትል አገልግሎቱን ከአንድ የውሃና የአካባቢ አማካሪ ድርጅት ገዝተናል፤ ውሉን የማስፈጸም ኃላፊነትም የእኔ ነው። ውሉ ገና ስላልተዘጋ የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። ቢሆንም በከተማችን እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚገዛ ሰው ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዋጋ ከማወዳደር በስተቀር የሥራውን ጥራት የሚመዝንበት ነገር ስለማያገኝ፣ ያየሁትን በጎም ሆነ ጉድለት በዝርዝር ማስፈሩ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ የመስክ ቡድናቸው በሙሉ ልብ የሚመሰገን ሲሆን፣ ቢሮ ውስጥ የሚዘጋጀው ሪፖርታቸው ግን የመስክ ቡድኑን ልፋት የሚመጥን አይደለም። እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሸጠው ዕቃ በመጨረሻ «ብክለት አልተገኘም» ወይም «ይህን ያህል ተገኘ» የሚል አንድ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ሊታመን የሚችለው ናሙናው ከጉድጓዱ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ቁጥሩ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ ያለው ሰንሰለት ሳይበጠስ ሲቀር ነው፤ እኛ የገዛነው አገልግሎት ላይ ሰንሰለቱ የላላው ወደ መጨረሻው ነው።

ከጉድጓዶቹ ልጀምር። የክትትል ጉድጓድ ውሃ ለመጠጣት ከሚቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ የተለየ ነው፤ ዓላማው የውሃውን የላይኛውን ገጽ ማየት ስለሆነ፣ ባለ ሽንቁሩ የፒ.ቪ.ሲ. ቧንቧ የውሃውን ከፍታ ከላይም ከታችም አልፎ መቀመጥ አለበት። ቤንዚንም ናፍጣም ከውሃ ስለሚቀልሉ በላዩ ይንሳፈፋሉ፤ ሽንቁሩ ከውሃው በታች ብቻ ከሆነ ተንሳፋፊው ነዳጅ ወደ ቧንቧው ሳይገባ ይቀርና ጉድጓዱ ንጹሕ መስሎ ይታያል። ቡድኑ ይህን በሚገባ ጠብቋል። በቧንቧው ዙሪያ የተጣራ ጠጠር አሸዋ፣ ከእርሱ በላይ ቤንቶናይት የተባለ ሸክላ፣ ከዚያም ሲሚንቶ ሞልተዋል፤ ቤንቶናይቱ ውሃ ሲነካው ስለሚያብጥ የመንገድ ላይ ፍሳሽ በቧንቧው ጎን ወርዶ ናሙናውን እንዳያበላሽ ይዘጋል። አንደኛው ጉድጓድ ታንከሮቹ ከነበሩበት በላይ፣ ውሃው ከሚመጣበት አቅጣጫ መቆፈሩም ትክክል ነው፤ ከጎረቤት የሚመጣውን ከራሳችን ለመለየት ሌላ መንገድ የለም።

ግንባታው እስኪጀመር ቦታው በክፍያ መኪና ማቆሚያ ሆኖ እያገለገለ ስለሆነ፣ ሥራው ከተለመደው ይልቅ አስቸጋሪ ነበር። የጉድጓዶቹ ክዳን ከአስፋልቱ እኩል የተቀበረ ብረት በመሆኑ፣ ባለሙያዎቹ በመጡ ቁጥር አንዱ ክዳን ላይ ሚኒባስ ቆሞበት ሾፌሩ ሲፈለግ ማየት የተለመደ ነው። እዚህ ላይ የወደድኩት ነገር አለ። ክዳኑ ላይ የቆመው መኪና ሲነሳ ከሥሩ የዘይት ጠብታ ካለ፣ ጠብታው ወደ ጉድጓዱ እንዳይገባ መጀመሪያ ዙሪያውን ጠርገው፣ ንጹሕ ላስቲክ አንጥፈው፣ ጓንት ቀይረው ነው ክዳኑን የሚከፍቱት። ጄኔሬተራቸውንም ነፋሱ ጭሱን ከጉድጓዱ አርቆ በሚወስድበት በኩል ያስቀምጣሉ። በማይክሮግራም ለሚለካ ነገር ከጭስ የሚመጣ ብናኝም ውጤት ሊያዛባ ይችላልና ይህ ትንሽ የሚመስል ጥንቃቄ ትንሽ አይደለም።

ናሙና አወሳሰዳቸውን በቅርብ ተከታትያለሁ። መጀመሪያ የሚወርደው ነዳጅንና ውሃን የሚለይ ባለ ድምፅ መለኪያ ነው፤ የእነርሱ መሣሪያ ነዳጅ ሲነካ ሳያቋርጥ፣ ውሃ ሲነካ ደግሞ እየቆራረጠ ይጮኻል፤ በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለው ርቀት የተንሳፋፊው ነዳጅ ውፍረት ነው። ቀጥሎ ፓምፑ በዝግታ፣ በደቂቃ ከግማሽ ሊትር ባነሰ ፍጥነት ውሃ ያወጣል። የአሲድነቱ፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ፣ የሟሟው ኦክስጅንና የድፍርስነቱ ንባብ እስኪረጋ ድረስ ናሙና አይወሰድም፤ በቧንቧው ውስጥ የሰነበተው ውሃ ወጥቶ ከአለቱ የሚመጣው መተካቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። የወጣውም ውሃ ወደ ቦዩ አይደፋም፤ ምልክት በተጻፈበት በርሜል ይጠራቀማል።

ናሙናው የሚቀዳው አርባ ሚሊ ሊትር በሚይዙ ትንንሽ የብርጭቆ ጠርሙሶች ሲሆን፣ እነዚህ ጠርሙሶች ውስጥ ምንም አየር መቅረት የለበትም፤ ቤንዝንና ቶሉዊን የመሰሉት ተናኝ የነዳጅ ክፍሎች አየር ካገኙ ከውሃው ወጥተው ወደ አየሩ ይገባሉ፤ ላቦራቶሪው የሚለካውም የቀረውን ብቻ ይሆናል። ወጣቷ ባለሙያ ጠርሙሱን ውሃው ከአፉ በላይ ጎበጥ እስኪል ሞልታ ከደነችው፤ ገልብጣ በጣቷ መታ መታ አደረገችው፤ ወደ ብርሃን አቅርባ ስታየው አንዲት አረፋ ወደ ላይ ስትወጣ ታየች። ሳታመነታ ጠርሙሱን ጥላ ሌላ አዲስ አነሳች። የቦታው ዘበኛ ሁሉን ነገር ቆመው ሲመለከቱ ቆይተው «ልጄ፣ አሁንማ ሽታው ጠፍቷል እኮ፤ ለዚህ ሁሉ ምን አደከማችሁ?» አሏት። «አባባ፣ ይኼ ነገር ሳይሸትም ይጎዳል» ብላ መለሰችላቸው። የተናገረችው እውነት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የቤንዝን መመሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ሰው በውሃ ውስጥ ቤንዝንን በማሽተት የሚለየው በሊትር ወደ 10 ሚሊግራም ሲደርስ፣ ማለትም ከመመሪያው አንድ ሺህ እጥፍ ሲሆን ነው። አፍንጫን ምስክር አድርጎ ቦታውን «ነጽቷል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ይህን አስታውሱ።

ይህ ቡድን ከተማውን የሚያውቅ መሆኑን የተረዳሁት በሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው የፓምፕ ምርጫቸው ነው። ከላይ ሆኖ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ርካሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሚስበው በአየር ግፊት ስለሆነ፣ በባሕር ጠለል ላይ እንኳ በስሌት ከአሥር ሜትር ብዙም አያልፍም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በመሆኑም ስሌቱ ወደ ሰባት ሜትር ተኩል ግድም ይወርዳል፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በዚያ ላይ መሳቡ ራሱ ተናኝ የሆኑትን ኬሚካሎች ከውሃው ያስወጣል። በእኛ ቦታ ውሃው በበጋው መጨረሻ ከስምንት ሜትር በታች ስለሚወርድ፣ ከጉድጓዱ ሥር ሆኖ ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ይዘው መጥተዋል። የኦክስጅን መለኪያውንም በየጠዋቱ በከተማዋ የአየር ግፊት ልክ ያስተካክሉታል። በጨረታው የተወዳደረ ሌላ ድርጅት ዋጋውን ዝቅ ያደረገው በሚስብ ፓምፕ ላይ ተመሥርቶ እንደነበረ ሰነዱን ደግሜ ሳነብ ተገንዝቤያለሁ።

ሁለተኛው የወቅት ጉዳይ ነው፤ ይኸኛው የበለጠ ዋጋ አለው። ክረምቱ ዘልቆ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ሲል፣ የተንሳፈፈው ነዳጅ በአፈሩና በአለቱ ስንጥቆች መካከል ተይዞ ከውሃው በታች ይቀራል፤ በመስከረምና በጥቅምት ጉድጓዱ ሲለካም የተንሳፋፊው ነዳጅ ንጣፍ ይሳሳል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። ውሃው በሚያዝያና በግንቦት ሲወርድ ያ የተያዘ ነዳጅ እየተንጠባጠበ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። በውሃው ውስጥ የሟሟው ክፍል ደግሞ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል፤ ከፍ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ በነዳጅ የተለወሰውን ደረቅ አፈር ስለሚያጥበው ከክረምት በኋላ ቁጥሩ ከፍ የሚልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በአንድ ወቅት ብቻ የተወሰደ ልኬት፣ የትኛውም ወቅት ቢሆን፣ ግማሽ ታሪክ ነው። የድርጅቱ የሽያጭ ክፍል በመጀመሪያ ያቀረበልን ሐሳብ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም በጥቅምት መለካት ነበር። የመስክ ኃላፊው ግን በገዛ ድርጅቱ ሐሳብ ላይ ቆሞ ተከራክሮ፣ ልኬቱ በየሩብ ዓመቱ እንዲሆንና አንዱ ዙር የግድ በግንቦት መጨረሻ ላይ እንዲውል አደረገ። በጥቅምት ምንም ንጣፍ ያልታየበት ጉድጓድ በግንቦት መለኪያው ሳያቋርጥ ሲጮኽ ሰምተናል። ይህን ሐቀኝነት በገንዘብ ለመተመን ይከብደኛል።

አሁን ወደ ሪፖርቱ ልግባ። ሪፖርቱ በሚያምር ሽፋን የተጠረዘ፣ የከተማዋን የአየር ንብረትና የሕዝብ ብዛት በሰፊው የሚያወሳ፣ ለእኛ ጉዳይ አንዳች የማይጨምር ሐተታ የበዛበት ነው። ዋናው ሠንጠረዥ በአንድ ገጽ ላይ ተቀምጦ፣ በቤንዝን ረድፍ ላይ «አልተገኘም» የሚል ተደጋግሞ ተጽፏል። ላቦራቶሪው ሊለካ የሚችለው ዝቅተኛው መጠን ስንት እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም። መሣሪያው ከ50 ማይክሮግራም በታች ማየት የማይችል ከሆነ፣ በ10 ማይክሮግራም መመሪያ ፊት «አልተገኘም» ማለት ምንም አይነግረንም። የላቦራቶሪውን ዋና ቅጂ እንዲልኩልን ጠይቀን ስናየው፣ ለአንዳንዶቹ ናሙናዎች የመለኪያ ገደቡ ከመመሪያው በላይ ሆኖ አገኘነው። ናሙናው በጣም የተበከለ ሲሆን ላቦራቶሪዎች ስለሚያቀጥኑት ገደቡ ከፍ ማለቱ ያለ ነገር ነው፤ ቅር ያሰኘኝ ይህ ሳይገለጽ፣ እጅግ የተበከለው ጉድጓድ ከንጹሑ ጉድጓድ ጋር በአንድ ቃል መጠራቱ ነው።

ከዚህ የባሰው የጊዜው ጉዳይ ነው። ተናኝ ኬሚካሎችን የያዘ ናሙና በአሲድ ተጠብቆ፣ አራት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቀዝቅዞ፣ በ14 ቀን ውስጥ መመርመር አለበት። ድርጅቱ እነዚህን ናሙናዎች በአውሮፕላን ወደ ውጭ ሀገር ላቦራቶሪ ስለሚልክ፣ ከቦሌ ጭነት ክፍል እስከ መዳረሻው ያለው እያንዳንዱ መዘግየት ከዚህ ጊዜ ላይ ይቀነሳል። በአንደኛው ዙር ናሙናዎቹ የተመረመሩት ጊዜው ካለፈ በኋላ መሆኑን ከርክክብ ቅጹ ቀኖች ማየት ይቻል ነበር፤ የቤንዝኑ መጠንም ካለፈው ዙር በእጅጉ ዝቅ ብሎ መጥቷል። ሪፖርቱ ይህን ዝቅታ «የመሻሻል አዝማሚያ» ብሎ ጻፈው። ቅጹን አያይዘን ጥያቄ ስናቀርብ፣ ሥራ አስኪያጁ ሳያንገራግሩ ይቅርታ ጠይቀው በራሳቸው ወጪ ናሙናው እንደገና እንዲወሰድ አድርገዋል፤ ይህንንም መጻፍ ተገቢ ነው። ሆኖም ጥያቄውን እኛ ባናነሳ ኖሮ «አዝማሚያው» በፋይላችን ውስጥ እውነት ሆኖ ይቀመጥ ነበር። አዝማሚያ ለማለት ደግሞ በተለምዶ ከሚሠራበት ስታቲስቲካዊ ፈተና አንጻር ቢያንስ አራት ዙር፣ ቢቻል ስምንትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

የውሃ ፍሰት ካርታቸውም አላረካኝም። በሦስት ጉድጓዶች የውሃ ከፍታ ላይ ተመሥርቶ የፍሰት አቅጣጫ መሳል በአሸዋማ መሬት ላይ ያስኬዳል። የአዲስ አበባ መሬት ግን እሳተ ገሞራ ወለድ ነው፤ ከሸክላማው አፈር በታች የተሰነጣጠቀ ባዛልት፣ ኢግኒምብራይትና ትራካይት አለ፤ ውሃው የሚሄደው በስንጥቁ ነው። ከቦታችን ብዙም በማይርቀው ፍልውሃ ሙቅ ውሃ ከጥልቀት ወደ ላይ የሚወጣው በመሬት ስብራት በኩል መሆኑ የታወቀ ነው። በእንዲህ ያለ አለት ውስጥ ብክለት በሁለት ጉድጓዶች መካከል፣ አንዱንም ሳይነካ፣ በአንድ ስንጥቅ ሊያልፍ ይችላል። ካርታው ላይ ለስላሳ መስመሮች ተስለው፣ ስለ ስንጥቅ አንድም ቃል አለመኖሩ፣ ቁፋሮውን የተከታተለው ጂኦሎጂስት በማስታወሻው በየጥልቀቱ የመዘገባቸውን ስንጥቆች የሪፖርቱ ጸሐፊ እንዳላነበባቸው ያሳያል። በአካባቢው የራሳቸው ጥልቅ ጉድጓድ ያላቸው ሆቴሎች መኖራቸውን ያየ ሰው ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝ ይገባዋል፤ ጥልቅ ጉድጓድ ያለማቋረጥ ሲሳብ በዙሪያው ያለውን ውሃ ወደ ራሱ ይጠራል።

ስለ ተፈጥሯዊ መመናመን፣ ማለትም ብክለቱ ያለ ሰው እጅ በራሱ ስለ መቀነሱ፣ የጻፉት ክፍል ከሁሉም የተሻለው ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ነዳጅን ሲመገቡ መጀመሪያ ኦክስጅንን፣ ቀጥሎ ናይትሬትን፣ ከዚያ ማንጋኒዝን፣ ብረትንና ሰልፌትን ይጠቀማሉ፤ በመጨረሻም ሜቴን ያመነጫሉ። ሪፖርቱ ናይትሬት ከላይኛው ጉድጓድ ይልቅ በታንከሮቹ ሥር ባለው ጉድጓድ አንሶ መገኘቱን የመመናመን ምልክት አድርጎ መውሰዱ ትክክል ነው፤ በመሐል ከተማ ከመጸዳጃ ጉድጓዶችና ከፍሳሽ መስመሮች ወደ ከርሰ ምድር ውሃው የሚገባ ናይትሬት ብዙ ስለሆነ ማነጻጸሪያው ጉድጓድ ባይኖር ኖሮ ይህን ማየት አይቻልም ነበር። የቀረው ኢታኖል ነው። በከተማችን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል ነበር። ረቂቅ ተሕዋስያኑ ኢታኖልን ስለሚያስቀድሙ ኦክስጅኑን በእርሱ ላይ ይጨርሱና ቤንዝኑ ሳይነካ ርቆ ይሄዳል። ማደያው በእነዚያ ዓመታት ይሸጥ ስለነበር ጥያቄው ቢያንስ መነሳት ነበረበት። ከዚያም በፊት እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ቤንዚኑ እርሳስ ያለበት ነበርና፣ እርሳስ በምርመራው ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ያደረግነው በእኛ ጥያቄ ነው።

ስለ ዋጋው ብዙ አልልም። ከተወዳዳሪዎቹ መካከለኛው ነበር፤ የላቦራቶሪው ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ በምንዛሪ ለውጡ ምክንያት ተጨማሪ መጠየቃቸው አላስገረመኝም፣ አስቀድሞ በውሉ ቢጻፍ ግን ጭቅጭቅ ባልነበረ። የበርሜሎቹ ውሃ ማስወገጃም በፕሮፎርማው ላይ አልነበረም። ስልክ ያነሳሉ፤ ቀጠሮ ያከብራሉ፤ ሲመጡ የደኅንነት ጫማና አንጸባራቂ ሰደርያ ሳይለብሱ ወደ ግቢ አይገቡም።

ውሉን እናድሳለን። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ብክለት ያደረሰ የማጽዳቱ ወጪ ስለሚመለከተው፣ ከቀድሞው የማደያው ባለቤት ጋር ለምናደርገው ንግግር የምንይዘው ማስረጃ ይህ የክትትል ውጤት ነው፤ በመስክ ሥራው ላይ እምነት ባይኖረኝ ለአንድ ዙር እንኳ አላራዝመውም ነበር። በአዲሱ ረቂቅ ውስጥ ግን አራት ነጥቦችን አስገብተናል፤ ከእያንዳንዱ «አልተገኘም» ጎን የመለኪያ ገደቡ ይጻፋል፤ ናሙናው የተወሰደበትና የተመረመረበት ቀን በዚያው ሠንጠረዥ ላይ ይቀመጣል፤ ከላቦራቶሪ ታሽጎ መጥቶ ሳይከፈት የሚመለሰው የጉዞ ማነጻጸሪያ ጠርሙስና ከአንድ ጉድጓድ በድርብ የሚወሰደው ናሙና በእያንዳንዱ ዙር ይላካሉ፤ ሪፖርቱንም ከቢሮው ጸሐፊ ጋር የመስክ ኃላፊው ይፈርምበታል። የየዙሩ የመጨረሻ ክፍያ የሚለቀቀው የላቦራቶሪው ዋና ቅጂ ከነርክክብ ቅጹ እጃችን ሲገባ ነው። ድርጅቱ ሦስቱን ወዲያው ተቀብሎ፣ በፊርማው ጉዳይ ላይ እስካሁን እየተነጋገርን ነው።